ጥቁሩን መስኮት ያጸዳሁ ቀን

ከአጠና ተራ እስከ አየር ጤና ድረስ ኮምፒውተር ከእኔ በላይ የሚገባው ሰው ካለ ይምጣና ይወዳደረኝ። ዲግሪ ያለውንም ጨምሬ ነው። ትምህርት ያቆምኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ግን ቫይረስ የበላው ላፕቶፕ አስነስቻለሁ፣ ሞቷል የተባለ ፕሪንተር አሠርቻለሁ፣ ሳንሱሲ ያለችው አክስቴ ስልኳ ተቆልፎባት ስታለቅስ ያለ ምንም ፕሮግራም ከፍቼላታለሁ። የይለፍ ቁጥሩ ልጇ የተወለደበት ዓመት ነበር። ቢሆንም ከፍቻለሁ።

ሶሊ እባላለሁ፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። የምሠራው ኮልፌ፣ ከታክሲው ፌርማታ ገባ ብሎ፣ ከብየዳ ቤቱ አጠገብ ባለችው የጋሽ አምላኩ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ቤት ስላት ሰፊ እንዳትመስላችሁ። አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ አግዳሚ። አራት ሰው ከገባ አንዱ መውጣት አለበት። ፎቶ ኮፒው የእኔ ነው፤ ኮምፒውተሩ የእሳቸው።

እንደማንኛውም ቤት ሲቪ፣ ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል እንጽፋለን። ጋሽ አምላኩ የታወቁት ግን በሕይወት ታሪክ ነው። ቀብር ላይ የሚነበበውን ማለቴ ነው። ሌላ ቦታ ሰው ከሞተ በኋላ ቤተሰቡ ዓይኑ እንዳበጠ እየሮጠ ይመጣል፤ «ተወለዱ፣ አገቡ፣ ወለዱ፣ ታመሙ፣ አረፉ» ተብሎ ይጻፋል፤ አለቀ። ስሙን ብትቀይሩት ለማንም ይሆናል። እኛ ጋ ግን ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ ራሳቸው በእግራቸው ይመጣሉ። አግዳሚው ላይ ይቀመጡና ያወራሉ፤ ጋሽ አምላኩ ደግሞ ግድግዳውን እያዩ ይጽፋሉ። ስክሪኑን አያዩም። ጣታቸው ብቻ ነው የሚሮጠው። እኔ ስታይል መስሎኝ ነበር። «ቀኑ ሲደርስ ይሄ ይነበብ፤ ልጆቼ የመሰላቸውን እንዳይጽፉ» ብለው አደራ አስቀምጠው የሄዱ አርባ ሦስት ሰዎች ነበሩን።

ቤቱ አንድ ሕግ አለው። ማንኛውም ጽሑፍ ከመውጣቱ በፊት ባለጉዳዩ ራሱ ከላይ እስከ ታች ጮክ ብሎ ያነበዋል። «እኔ ስጽፍ የተሳሳትኩትን እኔ አላገኘውም» ይላሉ ጋሽ አምላኩ። ደንበኛው ያጉረመርማል፣ ግን ያነባል። «እንግሊዝኛዬ እጅግ በጣም ጥሩ ነው» የሚለውን እንግሊዝኛ ሦስት ጊዜ ተደናቅፎ ያነበበ ልጅ አለ። እየሳቅኩ ቶነር ደፍቻለሁ።

አሁን ስለ ጥቁሩ መስኮት ልንገራችሁ። ጋሽ አምላኩ ጡረታ ሳይወጡ መሥሪያ ቤታቸው ውስጥ የሚሠሩት ዩኒክስ በሚባል ትልቅ ማሽን ላይ ነበር። ማውስ የለ፣ ሥዕል የለ፤ ትእዛዝ ትጽፋላችሁ፣ ማሽኑ ይፈጽማል። አገሩ ሁሉ ዊንዶውስ ሲሆን እሳቸው አልለቀቁም። ዊንዶውሱ ውስጥ ዩኒክስ የሚመስል ነገር ጫኑበት። አንድ ግቢ ውስጥ እንደገባ ተከራይ በሉት፤ ግቢው የዊንዶውስ ነው፣ ውስጥ ያለችው ክፍል ግን የራሷ በር፣ የራሷ ጓዳ፣ የራሷ ጠባይ አላት። ስትከፍቱት ጥቁር መስኮት ነው፤ ፊደሉ ነጭ፣ የታክሲ ታፔላ የሚያህል።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ አምላኩ ኮታቸውን ለብሰው ቆሙ።

«ሐኪም ቤት ቀጠሮ አለኝ።»

«ምን ሆነው ነው ጋሼ?»

«ስልሳ ስምንት ዓመት ሆኜ ነው። ፎቶ ኮፒሽን ሥሪ። ጥቁሩን መስኮት እንዳትነኪ።»

«ምን አጠፋበታለሁ?»

«ምን እንደምታጠፊ ባውቅማ እሱን ብቻ አትንኪ እልሽ ነበር።»

ሄዱ። ነካሁት።

በክፋት አይደለም። ያን ሰሞን ስልኬ ላይ ስለ ዩኒክስ ቪዲዮ እያየሁ ነበር። አስተማሪው፣ እዚያ ቤት ሁሉም ነገር የራሱ ክፍል አለው ይላል። የሰዎች ዕቃ በአንድ በኩል፣ መሣሪያው በአንድ በኩል፣ ደንቡ በአንድ በኩል። ደስ አይልም? የጋሽ አምላኩን ስከፍት ደነገጥኩ። ገና በሩ ላይ፣ የሰው ዕቃ መቀመጥ በሌለበት ቦታ፣ ሰባት ፎልደር ተደርድሯል። ስማቸው ኤ፣ ኤስ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል። በቃ። ሰው ኪቦርድ ላይ በቂጡ ተቀምጦ የተነሳ ነው የሚመስለው።

ዲ የሚለውን ከፈትኩ። ውስጡ አርባ ሦስት ፎልደር። የአንዱ ስም ሁለት ፊደል፣ የሌላው ሦስት። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ፋይል ብቻ፤ የሁሉም ፋይል ስም ደግሞ ኤፍ። ለአንድ ፋይል አንድ ፎልደር! ለአንድ ዳቦ አንድ ሱቅ እንደመክፈት ነው። የሕይወት ታሪኮቹ መሆናቸውን አየሁና አዘንኩላቸው። እንዲህ ተበትነው ይቀመጣሉ?

እጅጌዬን ሰበሰብኩ። በደንቡ መሠረት ቤት በሚባለው ክፍል ውስጥ «ሰርግ»፣ «ሥራ»፣ «ሐዘን» የሚሉ ሦስት ፎልደሮች ፈጠርኩ፤ በአማርኛ፣ አምሮባቸው። ከዚያ ሁሉንም ኤፍ ከየፎልደሩ አውጥቶ «ሐዘን» ውስጥ የሚከት አንድ መስመር ትእዛዝ ከስልኬ ገለበጥኩ። ኢንተር። ጸጥ። ጥቁሩ መስኮት ሥራው ሲሳካ ምንም አይልም፤ ይሄን አውቃለሁ። ባዶ የቀሩትን ፎልደሮች አጠፋሁ። የሌሎቹንም ፋይል ወደ «ሰርግ»ና «ሥራ» አዛውሬ ሰባቱንም ፊደሎች አጠፋሁ። በሩ ላይ አንድም ቆሻሻ አልቀረም። ፎቶ አንስቼ ለጓደኛዬ ለሳምሪ ላኩላት። የእሳት ምልክት መለሰችልኝ።

ጋሽ አምላኩ ከሰዓት ሲመለሱ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «ጠብታ አድርገውብኛል» ብለው በሩ ላይ ትንሽ ቆሙና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ነገ አስደንቃቸዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ።

ነገ ዓርብ ነበር። ሱቁን ስከፍት ሰፈሩ ወሬውን ይዞታል፤ እትዬ ወለተጻድቅ አርፈዋል። ሦስት ሰዓት ላይ ትልቁ ልጃቸው ግሩም መጣ። አየር ጤና ጋራዥ ነው የሚሠራው፤ የጥፍሮቹ ጥግ ላይ ያለው ዘይት ለእናቱም ሞት አልለቀቀም። ነጠላውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቆ ለብሷል። ጋሽ አምላኩ ተነስተው እጁን ያዙት።

«እግዚአብሔር ያጽናህ ግሩሜ።»

«አሜን ጋሽ አምላኩ። እማዬ... ‹የኔ ነገር አምላኩ ጋ አለ፣ እናንተ እንዳትጽፉ› ብላ ነበር። እውነት አለ?»

«አለ እንጂ። ባለፈው ዓመት እዚህ ተቀምጠው ነው የነገሩኝ። ሁለት ከሰዓት በኋላ ሙሉ።»

«ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ነው።»

«አሁን ይወጣልሃል። ተቀመጥ።»

ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ቆሜ «ጋሼ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» ልል አፌን ስከፍት ጣታቸው ቀደመኝ። ታ ታ ታ፣ ኢንተር። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ፕሪንተሩ አዙረው ጠበቁ።

ፕሪንተሩ አልተነሳም። ስክሪኑ ላይ በእንግሊዝኛ፣ በዚያ ታፔላ በሚያህል ፊደል፣ እንዲህ የሚባል ፎልደር የለም የሚል ወጥቷል። ደግመው ጻፉ። ደግሞ የለም አለ። ስክሪኑን ፊት ለፊት አዩት። አፍንጫቸው ሊነካው ምንም አልቀረውም። ከዚያ ምን እንዳሉ ታውቃላችሁ?

«ሶሊ፣ ወረቀት አልቋል እንዴ?»

ወረቀቱን ጠዋት ራሴ ነኝ የሞላሁት። ከመሳቢያው ጫፍ ድረስ።

መጀመሪያ የሚቀልዱ መሰለኝ። ከዚያ ፊታቸውን አየሁ። የሚቀልድ ሰው ፊት አይደለም። ግድግዳ እያዩ መጻፋቸው፣ ደንበኛውን ጮክ ብለህ አንብብ ማለታቸው፣ ብር ሲቀበሉ በጣታቸው ማሻሸታቸው፣ ትናንት በሩ ላይ እንዲያ ቆም ማለታቸው... ሁለት ዓመት አብሬያቸው ሠርቻለሁ። ሁለት ዓመት!

«ሶሊ?»

«አዎ ጋሼ» አልኩ። «ወረቀት አልቋል።»

ለእሳቸው ብዬ ነው የዋሸሁት? ግማሹ ለእሳቸው ነው። ግማሹ ለራሴ። ግሩም የሞላውን መሳቢያ አየ፤ እኔን አየ።

«ድንኳን የሚተክሉት ይጠብቁኛል» አለ። «ሰባት ሰዓት ላይ እመለሳለሁ።»

ግሩም ወጣ።

«ወረቀት ጨምሪ» አሉ ጋሽ አምላኩ።

«ወረቀት አለ ጋሼ።»

ጣታቸው ኪቦርዱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«ምን ይላል ስክሪኑ?»

«የለም ይላል። ዲ የለም ይላል።»

«ዲ ወዴት ይሄዳል?»

«ጋሼ፣ በመጀመሪያ ይቅር ይበሉኝ። ሁለተኛ ደግሞ ለበጎ ብዬ ነው፣ ቪዲዮው ላይ...»

«እኔ ጴንጤ ነኝ፣ የንስሐ አባትሽ አይደለሁም። ምን እንዳደረግሽ ብቻ ንገሪኝ።»

ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ስጨርስ የሁለቱን እጆቻቸውን ሌባ ጣት አንስተው ኪቦርዱ ላይ ኤፍና ጄ ላይ አሳረፏቸው።

«ነይ ንኪ። እነዚህ ሁለቱ ላይ ትንሽ ጉብታ አለች።»

ነካሁ። አለች። ስንት ሺህ ጊዜ የነካሁት ኪቦርድ ነው፤ ልብ ብዬው አላውቅም።

«ዓይኔ ውስጥ ግፊት አለ ካሉኝ አራት ዓመት ሆነ። ግራው ጨርሷል። ቀኙ ብርሃንና ጥላ ነው የሚያየው። እያየሁ ሳለሁ ሁሉን ነገር ጣቴ ስር አመጣሁት። እጄን ሳላነሳ የምደርስባቸው ፊደሎች ብቻ። ዲ ሕይወት ታሪክ ነው፤ ኬ ውል ነው። ሰውየው የቱንም ያህል ይለያይ፣ መጨረሻ ላይ የምጫነው አንድ ነው፤ ኤፍ። እንዳልሳሳት።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ዓይን የሌለው ጸሐፊ ጋ ማን ሲቪውን ያስጽፋል? ለአንቺ መንገር ማለት ደግሞ ለፌርማታው መንገር ነው። አሁን የት እንዳደረግሽው አሳዪኝ... ክፈችው ማለቴ ነው።»

«ሐዘን» የሚለውን ከፈትኩ። ገና ተስፋ አለኝ። ቦታ ነው የቀየርኩት እንጂ አላጠፋሁም።

ውስጡ አንድ ፋይል ነበር።

«ስንት አለ?» አሉ።

«አንድ።»

«አርባ ሦስት ነው የሚሆነው።»

«አንድ ነው ጋሼ።»

ከፈትኩት። «እኔ ቢቂላ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ ይህን የምናገረው በሙሉ ጤንነቴ ነው» ይላል። ሌላ ሰው የለም። ጋሽ አምላኩ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ።

«ስማቸው አንድ ነዋ። ሁሉም ኤፍ። አንዱ ሲገባ የፊተኛውን እየረገጠ ነው የገባው። ዊንዶውስ ቢሆን ‹እንዲህ የሚባል አለ፣ ልተካው ወይ?› ብሎ ይጠይቅሽ ነበር። ይሄኛው አይጠይቅም። ያዘዘኝ ሰው የሚያደርገውን ያውቃል ብሎ ነው የሚያስበው።»

«ፍላሽ ላይ ግልባጭ አለዎት አይደል?»

«ነበረኝ። ባለፈው ወር ‹ቫይረስ አለበት› ብለሽ ፎርማት ያደረግሽው ፍላሽ የማን መሰለሽ?»

የጠፋ ፋይል ይመልሳል የሚባል ፕሮግራም ጫንኩ። አንድ ሰዓት ተኩል ዲስኩን ሲምስ ቆይቶ ግማሽ የሰርግ ጥሪና ሦስት ገጽ ጥያቄ ምልክት አመጣልኝ። አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከእትዬ ወለተጻድቅ ቤት በኩል ለቅሶ ይሰማል።

«እነ ግሩም ራሳቸው ይጻፉት ብንላቸውስ?» አልኩ ቀስ ብዬ።

«አይሆንም።» የመጀመሪያ ቁጣቸው ነበር። «እትዬ ወለተጻድቅ የመጡት ለአንዲት ነገር ነው። ‹ሌላውን ልጆቼም ያውቁታል› አሉኝ። ከእነ ግሩም በፊት የወለዷት ልጅ ነበረች። ለማንም ተናግረው አያውቁም፤ ለባላቸውም። ‹በቁሜ አልቻልኩም፤ ቀብሬ ላይ ግን ስሟ አንድ ጊዜ ይጠራ› ነው ያሉት። እሺ ብያለሁ። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ካልተጠራ መቼም አይጠራም።»

እኔም እኮ ያኔ ነበርኩ። እትዬ ወለተጻድቅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው መሃረባቸውን እየጠቀለሉ ሲያወሩ ዓይኔ አይቷቸዋል። ጆሮዬ ውስጥ ግን ኢርፎን ነበር።

ጋሽ አምላኩ ተነሱና ወንበሩን በእጃቸው ገፉልኝ።

«ተቀመጪ። በቃል የማስታውሰውን ልበልሽ። ጻፊ።»

ለምን ራስዎ አይጽፉም አልኳቸው። «እያስታወስኩ መጻፍ አልችልም፤ እጄ ያባርርብኛል» አሉ። ተቀመጥኩ። ያ ሁሉ ጉራዬ በሁለት ጣት የሚጽፍ ሆኖ ተገኘ። የለመድኩት ስልክ ላይ በአውራ ጣት ነው፤ የኪቦርዱን አማርኛ ፊደል በፊደል እየፈለግኩ ነው የምለቅመው። ሦስት መስመር እስክደርስ አሥራ አምስት ደቂቃ ሄደ።

«እየጻፍሽ ነው ወይስ ምስር እየለቀምሽ?»

«እየጻፍኩ ነው ጋሼ፣ አይቸኩሉብኝ!»

«እኔ አልቸኮልኩም። የቸኮሉት ቀባሪዎቹ ናቸው።»

ዓይናቸውን ጨፍነው በእትዬ ወለተጻድቅ አነጋገር ይናገሩት ጀመር። ድምፃቸው እንኳ ተለወጠ። «የተወለድኩት ጎጃም ነው። አዲስ አበባ የመጣሁት በአሥራ አራት ዓመቴ፣ ሽንኩርት በጫነ መኪና ላይ ነው፤ እስከ ዛሬ ሽንኩርት ስከትፍ የማለቅሰው በሌላ ነው። ኮልፌ የሰው ቤት ገባሁ። እመቤቴ ክፉ አልነበረችም፤ ግን ስሜን አንድ ቀን ሙሉውን ጠርታው አታውቅም...» እጄ ቆመ። ሴትየዋን የማውቃት መታወቂያ ኮፒ ስታስደርግ ነው። «እንዳታበላሺው፣ መልኬ እንደሁ ቀድሞ ተበላሽቷል» ብላኝ ስቀን ነበር። አሁን ሳስበው «እሷ» ብዬ ነው የጻፍኩት፤ ይቅር ይበሉኝ፤ እሳቸው ማለቴ ነው።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስንበት።

«‹በአሥራ ሰባት ዓመቴ ሴት ልጅ ወለድኩ። አባቷ ሙስሊም ነበር፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ አላታለለኝም፣ ወዶኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሲሞላት ዘመዶቹ ይዘዋት ሄዱ። እኔም ተውኩ። ስሟ...›»

ቆሙ።

«ስሟ?» አልኩ።

«ቆይ።»

ቆየሁ። ግንባራቸው ላይ ላብ ወጣ። እጃቸውን ዘርግተው ከፊቴ ያለውን ኪቦርድ ፈለጉ፤ ጣታቸውን አሳረፉበት፤ አንቀሳቀሱት። ጣታቸው ያውቀው እንደሆነ ብለው ነው። ምንም አልመጣም።

«ረ ነበረው። ራዚያ? ራሒማ? ሩቅያ? ከነዚህ አንዱ...»

«አንዱን እንጻፍ ጋሼ። ማን ያውቃል?»

«ሰውን በግምት ትጠሪያለሽ? በሌላ ሴት ስም ቢጠሩሽ የአንቺ ስም ይሆናል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ነጥብ ነጥብ አድርጊበት።»

«ነጥብ ይነበባል እንዴ?»

«አይነበብም» አሉ። ድምፃቸው አልቆ ነበር። አግዳሚው ላይ ሄደው ተቀመጡና ፊታቸውን በመዳፋቸው ያዙ። አባቴ ሲሞት እንኳ እንዲህ አልከበደኝም። ያኔ ያጠፋሁት ነገር አልነበረኝም።

ግሩም ሰባት ሰዓት ላይ ደረሰ። ወረቀቱን ሰጠሁት። ሕጉን ያውቃል፤ ቆሞ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ሽንኩርቱ ላይ ሊስቅ ብሎ ተወው። እመቤቲቱ ላይ ድምፁ ቀነሰ። ከዚያ «በአሥራ ሰባት ዓመቴ ሴት ልጅ ወለድኩ» የሚለው ላይ ሲደርስ ያለ ድምፅ ወደ ታች አነበበ። ነጥቦቹ ጋ ደርሶ ጣቱን አሳረፈባቸው።

«ይሄ ምንድነው?»

«ግሩሜ፣ እዚህ ላይ እኔ...» አሉ ጋሽ አምላኩ።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አልኩ። ከአፌ ወጣ፤ አልመለስኩትም። «ተጽፎ ነበር። ሙሉ ሆኖ። ላጽዳ ብዬ ሁሉንም አጠፋሁት። ይሄ ጋሼ በቃላቸው ያሉት ነው። ስሟ ግን ጠፋ። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የሳቸው አይደለም።»

ይመታኛል ብዬ ነበር። ቢመታኝም አልቀየመውም ነበር። እሱ ግን እያየኝ አልነበረም። ወረቀቱን እያየ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

«ራህማ» አለ።

ጋሽ አምላኩ ከአግዳሚው ብድግ አሉ። «ራህማ! ራህማ ነው፣ አዎ!»

«እማዬ ትኩሳት ሲይዛት ‹ራህማ፣ ውሃ አምጪልኝ› ትል ነበር» አለ ግሩም። «ልጅ ሆነን ነው። ትንሿ እህቴ ውሃውን ትወስድላትና ‹እኔ ራህማ አይደለሁም› ብላ ታኮርፍ ነበር። ጎረቤት የነበረች ልጅ ትሆናለች ብለን... ባለፈው ሳምንትም ብላታለች። እኔ ነበርኩ ውሃውን የያዝኩት።» ወረቀቱን አግዳሚው ላይ አስቀምጦ ጀርባውን ሰጠን። ከዚያ በነጠላው ፊቱን ጠርጎ «እስክርቢቶ ስጪኝ» አለኝ። በዘይት ጣቱ ነጥቦቹ ላይ ጻፈው። እኔ ልተይበው እችል ነበር። አልደፈርኩም።

«ይነበባል?» አሉ ጋሽ አምላኩ።

«ወንድሞቼ ይቆጡ ይሆናል። የሰፈሩን አፍ ደግሞ ያውቁታል።» አጠፈው፤ ኪሱ ከተተው። «ግን የሷ ቃል ነው።» በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። «ጋሽ አምላኩ፣ ሲመጡ በላይኛው በኩል ይምጡ፤ በታች በኩል ለውሃ ቧንቧ ቆፍረው ትተውታል። አይታይዎትም።»

ሄደ። ጋሽ አምላኩ ፈገግ አሉ፤ ደስ የማይል ፈገግታ። ለካ ያውቃል። ብየዳ ቤቱም ያውቃል፤ ያን ቀን በያጆቹን ጠየቅኳቸው፤ «ዕቃችንን ከመንገዳቸው የምናነሳው ለምን መሰለሽ?» አሉኝ። እኔ ብቻ ነኝ ያላየሁት።

በላይኛው በኩል ሄድን። ክንዴን ያዙ። ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ አነበበው፤ ግሩም ራሱ። ስሙ ጋ ሲደርስ ሕዝቡ መሃል አንድ ጉምጉምታ ሄዶ መጣ፤ አንዱ ወንድሙ አንገቱን ደፋ፣ ትንሿ እህት «ውይ እማዬ!» ብላ ጮኸች። አንድ ጊዜ ነው የተጠራው። ከዚያ ዝናብ ጀመረና ሁሉም ወደ መጠለያው ሮጠ።

ስንመለስ ጋሽ አምላኩ የቀሩትን በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር። ቢቂላ ተርፏል። ጥቂቶቹ ካረፉ ቆይቷል፤ ተነቦላቸዋል። የሚበዙት በሕይወት ስላሉ ተመልሰው ይነግሩናል፤ ግን ለሁለተኛ ጊዜ እንደዚያው ይናገሩ እንደሆነ እንጃ። ካስጻፉት መሃል እትዬ ደሜ ደግሞ በየካቲት ምላሳቸው ተሳስሯል። የእሳቸውን ጋሽ አምላኩ በቃል አያስታውሱትም። «ስለ አንድ ጉድጓድ ውሃ ነበር» አሉ። «እሱ ብቻ ነው የቀረኝ።»

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። ቅዳሜ ከሁሉ በፊት ሱቁን ከፍቼ ሁሉንም መለስኩት። ኤ፣ ኤስ፣ ዲ፣ ኤፍ፣ ጄ፣ ኬ፣ ኤል፤ በሩ ላይ፣ እንደነበሩ። ዲ ውስጥ አርባ ሦስቱንም ፎልደር በየስማቸው ሠራሁ፤ ስሞቹን ለሳምሪ የላክሁት ፎቶ ላይ አላገኘኋቸውም፤ የአስጻፊዎቹ ስምና ሂሳብ ከሚመዘገብበት ደብተር ላይ ነው የገመትኩት። አርባ አንዱ ባዶ ነው። ጋሽ አምላኩ ሲገቡ እሳቸው ቦታ ላይ ተቀምጬ፣ ሁለቱን ሌባ ጣቶቼን ኤፍና ጄ ላይ አሳርፌ ጠበቅኳቸው። ንግግሬን ከሰፈር ጀምሬ ተለማምጄዋለሁ።

«ጋሼ» አልኩ፣ ድምፄን አሳምሬ፣ «ሁሉን ነገር እንደነበረው አድርጌዋለሁ። ከዛሬ በኋላ አይጨነቁ። ስክሪኑን እኔ አነብልዎታለሁ፣ አዛውንቶቹን እኔ አስጠራቸዋለሁ። ከእንግዲህ ዓይንዎ እኔ ነኝ።»

ኮታቸውን አውልቀው ሚስማሩ ላይ ሰቀሉ። ሚስማሩን በመጀመሪያው ሙከራ አገኙት።

«የዓይኔንስ ነገር ለምጄዋለሁ» አሉ። «ያልቻልኩት ያንቺን እጅ ነው። ተነሺ ከወንበሬ።»